አውትዶር ብሬድ ማለት ፍሪ ሬንጅ ማለት ነው እንዴ? የአሳማ ሥጋ የምታውቁ

ሚሚ_ብሪስቶል፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አሳማ የማትበሉ ይቅርታ እለፉት። እዚህ እንግሊዝ ብሪስቶል ፐብ ኪችን ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሼፋችን ስለ ግሎስተርሻየር ኦልድ ስፖት፣ የድሮ የአሳማ ዝርያ ነው፣ አውርቶ አይጠግብም፣ እኔም እስኪ ቤቴ ልሞክር ብዬ ከሱፐርማርኬት ፖርክ ቤሊ (የአሳማ የሆድ ሥጋ) ገዛሁ፣ "አውትዶር ብሬድ" ይላል፣ ሜዳ ላይ የቆመ አሳማ ፎቶም አለው። ኦቨን ስከተው ውሃውን ለቆ ኮስሶ ቀረ፣ ቆዳው ጎማ። ለሼፉ ስነግረው ሳቀና "እሱ እኮ ውጪ ተወለደ እንጂ ውጪ አላደገም" ብሎኝ ወደ ስራው ሄደ። ምን ማለቱ ነው? የድሮ ዝርያ የሚባሉትስ እውነት ይለያሉ ወይስ ዋጋ ማስወደጃ ነው?

የሥጋ_ቤት_ልጅ፦
ሼፍሽ ልክ ነው። አውትዶር ብሬድ ሲባል እናትየዋ ውጪ ትኖራለች ግልገሎቹም እዛው ይወለዳሉ፣ ጡት ሲጥሉ ግን በአራት ሳምንት ገደማ ማለት ነው፣ ቤት ገብተው ነው የሚደልቡት። አውትዶር ሪርድ ከሆነ ዕድሜያቸውን ግማሽ ያህል ውጪ ናቸው። ከልደት እስከ መጨረሻው ውጪ የሚባለው ፍሪ ሬንጁ ነው። የሚገርመው እንቁላል ላይ ፍሪ ሬንጅ ብሎ ለመጻፍ ሕግ አለ፣ አሳማ ላይ ግን እዚህ አገር በሕግ የተፈታ ትርጉም የለውም፣ ኢንዱስትሪው የተስማማበት ነገር ነው። ኦርጋኒክ ግን ሕግ አለው። ፎቶውን ተይውና ሥጋ ቤት ገብተሽ ዝርያው ምንድነው፣ የማን እርሻ ነው ብለሽ ጠይቂ፣ ሻጩ ከተንተባተበ ሌላ ቤት ሂጂ።

ዝርያው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ውጪ ያደገ ሁሉ የድሮ ዝርያ አይደለም። በፈረንጆቹ 1955 የመንግሥት ኮሚቴ ገበሬውን ላርጅ ዋይት፣ ላንድሬስና ዌልሽ የሚባሉ ሦስት ዝርያዎች ላይ አተኩሩ አለው፣ ገበያውም ቀይ ሥጋ ብቻ ፈለገ፣ ሌሎቹ ተረሱ። ሊንከንሻየር ከርሊ ኮት የሚባል ፀጉሩ እንደ በግ የተጠቀለለ አሳማ ነበር፣ ጭራሽ ጠፋ። የቀሩትን ለማትረፍ ነው ሬር ብሪድስ ሰርቫይቫል ትረስት የሚባለው ድርጅት በ1973 የተቋቋመው። ኦልድ ስፖት፣ ታምዎርዝ፣ በርክሻየር፣ ሚድል ዋይት ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፣ ጮማ ይይዛሉ፣ ጣዕሙም ያለው እዛ ላይ ነው።

ኖርፎክ_ነኝ፦
እኔ አልበላም ግን ሦስት ዓመት አብሬያቸው ውያለሁ 😂 የእንግሊዝ እናት አሳማ 40 ከመቶ ያህሉ ውጪ ነው የሚወልደው፣ ግማሽ ክብ የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ገለባ ጎዝጉዘንላቸው። ነጫጭ አሳማዎቹን በጋ ላይ ፀሐይ ያቃጥላቸዋል፣ ጭቃ ካልተሰራላቸው ጆሯቸው ይላጣል። ላርጅ ብላክ የሚባለው ዝርያ ግን ቆዳው ጥቁር ስለሆነ ግድ የለውም፣ ጆሮው ዓይኑ ላይ ስለወደቀም ነው መሰለኝ እንደሱ ጨዋ አላየሁም። ቤት ውስጥ ያሉት እናቶች፣ እርጉዝ ሆነው መዞር እንኳን የማይችሉበት ጠባብ የብረት በረት በፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ ተከልክሏል፣ ሲወልዱ የሚገቡበት የብረት በረት ግን እስካሁን ይፈቀዳል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም።
@የሥጋ_ቤት_ልጅ ዝርያን ግን አታምልከው፣ ኦልድ ስፖት ያለ ልክ ከተቀለበ ስብ ብቻ ነው የሚሆነው። አቀላለብ የማያውቅ ሰው ጋ ዝርያ ምን ያደርጋል።

ጋሽ_ቀልዱ፦
ጓሮ አለኝ፣ ሁለት ገዝቼ የተረፈ ምግብ እየሰጠሁ ባሳድግስ?

ኖርፎክ_ነኝ፦
እንዳታደርገው ጋሼ! በፈረንጆቹ ከ2001 የአፍና እግር በሽታ ወዲህ የኪችን ትርፍራፊ ለአሳማ መስጠት ወንጀል ነው። አንድ አሳማ ብቻ ቢሆን እንኳን የቦታ መለያ ቁጥር ሳታወጣ ማስገባት አይቻልም።

ሚሚ_ብሪስቶል፦
አፕዴት! ሥጋ ቤት ጠይቄ ኦልድ ስፖት አገኘሁ። ማታ ፍሪጅ ውስጥ ሳልሸፍነው አሳደርኩ፣ ቆዳውን በጨው አሽቼ መጀመሪያ ኦቨኑን በጣም አግዬ ከዛ ቀነስኩት። ተሰነጣጥቆ ቋ ቋ ይላል! ግን ትሪው ላይ የቀለጠው ጮማ ብዛቱ፣ ምን ላድርገው?

የሥጋ_ቤት_ልጅ፦
ኧረ እንዳትደፊው! አጥልለሽ ፍሪጅ አስቀምጪ፣ ድንች ጥበሺበት።