በውጅግራ ሰደፍ ላይ የተቀረጸው አንበሳ የዘመኑ ነው ወይስ ኋላ የተጨመረ?

የአራዳው ጠያቂ፦

የተከበራችሁ የጥንት ዕቃ ወዳጆች፣ ባለፈው ቅዳሜ በቸርችል ጎዳና፣ ከፖስታ ቤት ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር ውስጥ ብረቱ ተለይቶ እንጨቱ ብቻ የቀረ የጠመንጃ ሰደፍ አየሁ። ባለመደብሩ የውጅግራ (የድሮ የፈረንሳይ ጠመንጃ) ሰደፍ መሆኑንና ከአንድ የዓድዋ ዘማች ቤተሰብ የተገዛ መሆኑን ነገረኝ። በቀኝ ጎኑ ላይ ዘውድ የደፋና ባለ መስቀል በትር የያዘ አንበሳ የተቀረጸበት ሲሆን፣ ከሥሩ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሰ ነገስት»፣ ዝቅ ብሎም «ዓድዋ ፲፰፻፺፮» የሚል ጽሑፍ አለው። የአርበኛ ልጅ ለሆኑት አባቴ ልሰጣቸው ስላሰብኩ፣ የውሸት ታሪክ ይዤ ቤታቸው እንዳልገባ ምልክቱን በምን ልለየው እንደምችል ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ብራና፦

ወንድሜ፣ ዓመተ ምሕረቱን በጥንቃቄ ያንብቡት። የዓድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በመሆኑ በግዕዝ ቁጥር መጻፍ የነበረበት ፲፰፻፹፰ ተብሎ ነው። ፲፰፻፺፮ ማለት 1896 ነው፤ ይህም ፈረንጆች ለዚያው ጦርነት የሚጽፉት ዓመት ነው። ስለዚህ ቀራጩ ዓመቱን ከፈረንጅ ጽሑፍ ወስዶ ቁጥሩን ብቻ ወደ ግዕዝ እንደመለሰው ግልጽ ነው፤ በዓድዋ የዋለ ሰው የዘመተበትን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር አይጽፍም። በዳግማዊ ምኒልክ ማኅተም «ንጉሠ ነገሥት» የሚለው በንጉሡ ሠ የተጻፈ መሆኑም ይታወቃል፤ ሆኖም በዚያ ዘመን ሰው በእጁ ሲጽፍ ፊደል ያቀያይር ስለነበር በዚህ ብቻ አልፈርድም። ዓመቱ ግን ይበቃል።

አናጢው፦

በጽሑፉ ላይ ከብራና ጋር እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጽሑፉ ሐሰት ስለሆነ እንጨቱም ሐሰት ነው ማለት አይደለም፣ ስለዚህ ሁለቱን ለይተው ይመርምሩ። ውጅግራ የምንለው የ1874 እ.ኤ.አ. ሞዴል የሆነው «ግራ» (Gras) የተባለው ባለ 11 ሚሊ ሜትር የፈረንሳይ ጠመንጃ ሲሆን፣ ሴንት ኤቲየንን በመሳሰሉ የመንግሥት ፋብሪካዎች ሲሠራ ሰደፉ የሚቀረጸው ከዋልነት እንጨት ነበር። በአገራችን የተሰበረ ሰደፍ በአገር በቀል እንጨት ይተካ ስለነበር የዋንዛ ሰደፍ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ በዋንዛ ላይ የፈረንሳይ ፋብሪካ ማኅተም ከታየ ግን ማኅተሙን መጠራጠር ግድ ነው። ዋልነት ከዋንዛ ይልቅ ይከብዳል፣ ጠቆርም ይላል።

ዋናው ጉዳይ ምልክቱ እንዴት እንደገባ ማወቅ ነው። የፋብሪካ ማኅተም በብረት ተመትቶ የሚገባ በመሆኑ የእንጨቱን ቃጫ ወደ ታች ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ የመሮ ሥራ ግን ቃጫውን ይበጥሰዋል፣ በማጉያ መነጽር ሲታይም የተቆረጠው ጫፍ ስል ሆኖ ይገኛል። የመቶ ዓመት እጅ የዳሰሰው ጠርዝ ስል ሆኖ ሊቆይ አይችልም። የስልክዎን መብራት ከጎን አጋድመው ያብሩበት፤ ከፊት ለፊት ሲያበሩት የማይታየው ሁሉ በጥላው ይታያል። ሌላው የሚረዳ ነገር የሰደፉ ተረከዝ ላይ ያለው ብረት ነው፤ እንጨቱ ከብረቱ ጠርዝ በታች ገባ ብሎ ካገኙት በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል ማለት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ጥቁረትም በደረቅ ጥጥ ያሹት፤ የዘመን እድፍ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፣ የጫማ ቀለም ግን ጥጡ ላይ ይቀራል፣ ሽታውም ያሳብቃል።

ብራና፦

አንድ ነገር ልጨምር። ሰደፉ ብቻውን ቢሆንም፣ ባለመደብሩ አፈሙዙንም አመጣልዎታለሁ ካለ እንዳይቀበሉት። ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው።

የአራዳው ጠያቂ፦

ትናንት ከሥራ ስወጣ ተመልሼ በባለመደብሩ ፈቃድ መረመርኩት። ጥጡ ጠቆረ፣ ሽታውም የጫማ ቀለም ነው፤ ቀለሙ ሲለቅ የአንበሳው ጋማ መስመሮች ንጹሕና ገርጣ ብለው ታዩ። የተረከዙን ብረት ሁለት ብሎኖች ፈትተን ስናየው ውስጡ ጠቆር ያለ፣ ደቃቅና ከባድ እንጨት ነው፤ እንደ ተነገረኝ ከሆነ ዋልነት ይመስለኛል። ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። መብራቱን ከጎን ሳበራ ከአንበሳው ጅራት በስተኋላ የአንድ ክብ ማኅተም ቅስት፣ ሲሶ ያህሉ፣ ደብዝዞ ታየኝ፤ ቀሪው በመሮ ተቆርጦ ጠፍቷል። አንበሳውን በብርጭቆ ወረቀት ባጠፋው የቀረው ይወጣ ይሆን?

አናጢው፦

እባክዎ እንዳይነኩት። ያዩት ክብ በውጅግራ ሰደፍ ቀኝ ጎን ላይ የሚመታው፣ የተሠራበትን ወርና ዓመት የሚይዘው የፋብሪካው ማኅተም ሳይሆን አይቀርም፤ ሐሰተኛውን አንበሳ ለመቅረጽ ሲባል እውነተኛው ምስክር ተፋቀ ማለት ነው፣ ይህም እንደ እንጨት ሠሪ እጅግ ያሳዝነኛል። ከመሮው ጥልቀት እስኪደርሱ ድረስ ቢፍቁት የተረፈው ሲሶም አብሮ ይሄዳል። ባለበት ሆኖ መብራቱን ከአራቱም አቅጣጫ እያጋደሙ ፎቶ ያንሱት፤ ከገዙትም ዋጋውን የተጎዳ የፈረንሳይ ሰደፍ አድርገው ይነጋገሩ፣ የዓድዋ ቅርስ አድርገው ግን አይክፈሉ። ለአባትዎ ሲሰጧቸው ቅስቱን አስቀድመው ያሳዩዋቸው፤ ከዚያ አንበሳው መቼና ለምን እንደተጨመረ የሚገምቱትን ይንገሯቸው።