ፌዴራሉ 7,500 ዶላሩን አቆመ፤ ስቴቶች ይተኩት? (ክርክር)

አወያይ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት በሌላ ወሬ መሃል የተነሳው ጉዳይ ብዙ ሰው ስላነጋገረ ዛሬ ለብቻው እናውጣው። ፌዴራል መንግሥቱ ኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ ሰው ይሰጥ የነበረው ታክስ ክሬዲት (ከሚከፈል ታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ) እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30፣ 2025 አብቅቷል። ለአዲስ መኪና እስከ 7,500፣ ላገለገለ እስከ 4,000 ዶላር ነበር። በ2022 የወጣው ሕግ እስከ 2032 ይቆያል ብሎ ነበር፤ ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ሕግ አሳጠረው። ጥያቄው እንግዲህ ይኸው፦ ስቴቶች ክፍተቱን በራሳቸው በጀት ይሙሉት ወይስ ይተዉት? ስትጽፉ የምትኖሩበትን ስቴት ጥቀሱ። ስድብ አይፈቀድም።

የአሌክሳንድሪያው (ቨርጂኒያ)
በፍጹም አይሙሉት። እኔ ተከራይ ነኝ፤ የምነዳው አሮጌ ኮሮላ ነው። የአዲሱ መኪና ክሬዲት የገቢ ጣሪያ ለባልና ሚስት 300,000 ዶላር ነበር። የመኪናው ዋጋ ጣሪያ ደግሞ ለኤስዩቪ 80,000። እስቲ ንገሩኝ፣ 80,000 ዶላር መኪና የሚገዛ ሰው የእኔ እርዳታ ምን ያደርግለታል? ላለው ይጨመርለታል ማለት ይኸው ነው። ያ ገንዘብ አውቶቡስ ላይ ይዋል፣ ትምህርት ቤት ላይ ይዋል።

የሲያትሏ (ዋሽንግተን ስቴት)
ወንድሜ፣ ግማሹን ብቻ ነው ያወራኸው። ያገለገለ መኪና ላይ ጣሪያው ለባልና ሚስት 150,000፣ ለነጠላ 75,000 ነበር። መኪናው ራሱ ከ25,000 ዶላር መብለጥ አይችልም። የዋጋውን 30 በመቶ ይሸፍናል። 13,000 ዶላር የሆነ ሊፍ (የኒሳን ኤሌክትሪክ መኪና) ስትገዛ 3,900ው ይቀነስልሃል ማለት ነው። ይህ የሀብታም ነው? እህቴ ሁለት ሥራ እየሠራች የገዛችው በዚህ ነው። አሁን ነዳጅ ማደያ አትቆምም።

ደግሞ ስቴት ከፈለገ እንዴት እንደሚቻል እኛ አሳይተናል። በ2024 ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ብቻ የወጣ ፕሮግራም ነበር። አዲስ መኪና ለሦስት ዓመት በሊዝ (በረጅም ኪራይ) ለሚይዝ እስከ 9,000፣ ለሚገዛ 5,000፣ ያገለገለ ለሚወስድ 2,500 ዶላር። እዚያው ዲለሩ (መኪና ሻጩ) ጋ ይቀነሳል። በኦገስት ተጀምሮ በጥቂት ወር አለቀ። ሰው አይፈልግም የሚል ካለ ይህን ይይልኝ።

የአሌክሳንድሪያው
አለቀ ያልሽው ነገር እኮ ነው የእኔ ችግር! በጥቂት ወር የሚያልቅ ነገር መረጃ የደረሰው ቀድሞ ይወስደዋል። ማታ የሚሠራው ሰው ሲሰማ በሩ ተዘግቷል። የእኛ ስቴትማ ጭራሽ በ2021 የ2,500 ዶላር ሪቤት (ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ የሚሰጥ ቅናሽ) ሕግ አወጣ፤ ገንዘብ ግን አልመደበለትም። ሕጉ ወረቀት ላይ ቀረ።

ታክስ ሠሪው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
እኔ ታክስ እሠራለሁ፤ አብዛኛው ደንበኛዬ የእኛው ሰው ነው። ድጎማው ጥሩ ነው መጥፎ ነው ከማለታችን በፊት ገንዘቡ እጅ የሚገባው በምን መንገድ እንደሆነ እንይ። ሁሉ ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው።

ክሬዲቱ ሪፈንደብል አልነበረም። ካለብህ ታክስ ላይ ይቀነሳል፤ የተረፈው ግን በቼክ አይመጣልህም። እስቲ አራት ልጆች ያሏቸውን ባልና ሚስት አስቡ። እሱ ፓርኪንግ፣ እሷ ነርሲንግ ሆም ይሠራሉ፤ በ2023 ሁለቱም ተደምረው 70,000 ዶላር አገኙ። ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ (ታክስ የማይከፈልበት የገቢ ክፍል) ወጥቶ፣ የልጆቹ ክሬዲት ሳይቀነስ የፌዴራል ገቢ ታክሳቸው ወደ 4,600 ዶላር ነው። በዚያ ዓመት አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ቢገዙ 7,500ውን ሙሉ ሊያገኙ አይችሉም። 250,000 የሚያገኙት ጎረቤቶቻቸው ግን ሙሉውን ይወስዳሉ። የአሌክሳንድሪያው ወንድማችን የተቆጣው በዚህ ከሆነ እኔም አብሬው ነኝ።

ከጃንዩወሪ 2024 ጀምሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። ክሬዲቱን ለዲለሩ ማስተላለፍ ተፈቀደ። ሒሳቡ ሲሠራ እዚያው ይቀነሳል፤ ታክስህ ዜሮ ሆኖ ቢገኝም መልስ አትባልም። ከዚያ በኋላ ነው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ደንበኞቼ በርከት ብለው መግዛት የጀመሩት። የገንዘቡ መጠን ያው ነበር። የተለወጠው የሚከፈልበት ቦታ ብቻ ነው።

ሙሉ ቀን ኡበር የሚነዱት ግን እዚህም ቀርቶባቸዋል። ለዲለሩ ለማስተላለፍ መኪናው በዋናነት ለግል አገልግሎት የሚውል መሆን ነበረበት። ሹፌሩ ክሬዲቱን የሚጠይቀው እንደ ቢዝነስ፣ ታክስ ሲያሠራ ነው። ለሥራ ለነዳው ለእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም (የ2025ቱ ነው) ከገቢው ላይ ሲቀነስለት ደግሞ የገቢ ታክሱ ትንሽ ይሆናል። በብዛት የሚከፍለው ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ (ለራሱ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው) ነው፤ ክሬዲቱ እሱን አይነካም። ብዙ ማይል የሚነዳው፣ ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥለው ሰው ትንሹን አገኘ። ይህ በጣም ያናድደኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ደንበኛዬ ያገለገለ መኪና በ24,600 ተስማማ። ዲለሩ 500 ዶላር የፕሮሰሲንግ ክፍያ ጨመረበት። 25,100 ሆነ። የስቴት ታክስና የታርጋ ክፍያ ጣሪያው ውስጥ አይቆጠሩም፤ የዲለሩ ክፍያ ግን ይቆጠራል። በ100 ዶላር ምክንያት 4,000ው ቀረ። ስቴቶች ሕግ ሲጽፉ እንዲህ ያለውን ገደል አያድርጉበት።

የአትላንታው ሽማግሌ (ጆርጂያ)
ልጆቼ፣ ይህን ፊልም እኛ አይተነዋል። ጆርጂያ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ የራሷ ክሬዲት ነበራት። በዚያ ላይ የፌዴራሉ 7,500 ሲጨመር የሊፍ ሊዝ በነፃ ያህል ሆነ። አትላንታ በሊፍ ተጥለቀለቀች። ከዚያ በጁላይ 2015 ክሬዲቱ ቀረ። መቅረቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ በዓመት 200 ዶላር የመንገድ ክፍያ ተጨመረበት። ሽያጩ በጥቂት ወር ውስጥ ቁልቁል ወረደ።

ግን የአሌክሳንድሪያው ልጄ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። ሊዙ ያለቀባቸው ሊፎች የት ሄዱ? ያገለገለ መኪና ገበያ ውስጥ ገቡ፣ ዋጋቸውም በጣም ረከሰ። ሠራተኛው የገዛው ያኔ ነው። ዛሬ ሀብታሙ በድጎማ የወሰደው አዲስ መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ የሌላው ሰው መኪና ነው። እኔ የምቃወመው ያዝ ለቀቁን ነው። ስቴቱ ከሰጠ መቼ እንደሚያቆም አስቀድሞ ይናገር፣ ቀስ እያለም ይቀንስ።

የአሌክሳንድሪያው
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው፤ ያገለገለው ገበያ ጠቀሜታ አለው። ግን ሦስት ዓመት እስኪጠብቅ ድረስ ድሃው ለሀብታሙ እየከፈለ ነው። ሠራተኛውን መርዳት ከተፈለገ በቀጥታ ለሠራተኛው አይሰጡም?

የኦሮራው (ኮሎራዶ)
ጋሼ ያሉት ቀስ እያለ መቀነስ እኛ ጋ አለ። የስቴቱ ክሬዲት በ2023 አጋማሽ 5,000 ነበር፤ በ2025 ወደ 3,500፣ በ2026 ወደ 750 ወረደ። ዋጋው ከ35,000 ዶላር በታች ለሆነ መኪና ተጨማሪ 2,500 አለው። የእኛው ደግሞ ሪፈንደብል ነው፤ ታክስ ሠሪው ያነሱት፣ ታክሱ ላነሰ ሰው ክሬዲቱ የሚቀርበት ችግር እኛ ጋ የለም።

ለአሌክሳንድሪያው፣ «በቀጥታ ለሠራተኛው» ያልከውም አለ። ገቢህ ዝቅተኛ ከሆነ አሮጌውን፣ ጭስ የሚተፋውን መኪናህን ታስረክባለህ። በ2023 ሲጀመር በምትኩ ለአዲስ ኤሌክትሪክ 6,000፣ ላገለገለ 4,000 ዶላር ቅናሽ ይሰጥ ነበር። ያንተ ኮሮላ እዚህ ብትሆን ይህኔ ሰልፍ ላይ ናት። ስለዚህ ጥያቄው ይሙሉት ወይስ አይሙሉት የሚል መሆን የለበትም። ለማን ይስጡ የሚለው ነው።

የዳላሱ (ቴክሳስ)
እናንተ ስለ ድጎማ ታወራላችሁ፤ እኛ የምንከፍለውን እንናገር። ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ስታስመዘግብ 400፣ ከዚያ በየዓመቱ 200 ዶላር ተጨማሪ አለ። ስቴቶች መጀመሪያ ይህን ቅጣት ያንሱ።

የአሌክሳንድሪያው
ቅጣት አይደለም። መንገድ የሚሠራው ከነዳጅ ታክስ ነው። ፌዴራሉ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ይወስዳል፤ ከ1993 ጀምሮ አልጨመረም። አንተ ነዳጅ ካልቀዳህ መንገዱን ማን ይጠግነው? በእኔ ኮሮላ ነዳጅ ነው?

የሲያትሏ
መክፈሉስ ይከፈል። እኛም በዓመት 225 ዶላር እንከፍላለን። ግን ብዙ የሚነዳውም በሳምንት አንዴ የሚያወጣውም እኩል መክፈላቸው ፍትሐዊ አይደለም። በማይል ይሁን።

አንድ ተሳታፊ (ሚኒሶታ)
አገር ቤትን እዩ እንጂ! ለኤሌክትሪክ መኪና ቫቱን፣ ኤክሳይዙን፣ ሱር ታክሱን አነሱ። ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ ሆነ። በ2024 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከለከሉ። ቼክ መስጠት አያስፈልግም፤ ታክሱን ማንሳት ይበቃል።

ታክስ ሠሪው
እዚያ ታክሱ የመኪናውን ዋጋ እጥፍና ከዚያ በላይ ያደርገው ስለነበር ማንሳቱ ትልቅ ነገር ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መሆኑም አለ። እዚህ ሜሪላንድ የመኪና ሽያጭ ታክሱ የዋጋው ጥቂት በመቶ ነው። ብታነሳው ለውጥ አለው፤ 7,500ን ግን አይተካም። የእኛ ስቴት ያንኑ ታክስ እስከ 3,000 ዶላር ድረስ የሚመልስ ክሬዲት አለው፤ የመኪናው ዋጋ ከ50,000 መብለጥ የለበትም። ችግሩ የተመደበው ገንዘብ ቀድሞ ማለቁ ነው። ሰው መኪናውን ገዝቶ ወረፋ ይጠብቃል። ይመጣል ብሎ በጀት የሠራ ቤተሰብ ይጎዳል። እኔ ለደንበኛ «እጅህ ካልገባ አትቁጠረው» ነው የምለው።

የፌዴራሉም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በአሜሪካ የተገጣጠመ አዲስ መኪና በብድር ከገዛችሁ፣ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ወለድ ከገቢያችሁ ላይ ይቀነሳል፤ እስከ 2028 ይቆያል። ኤሌክትሪክም ነዳጅም ልዩነት የለውም። ነጠላ ከ100,000፣ ባልና ሚስት ከ200,000 በላይ ካገኙ እየቀነሰ ይሄዳል። ያገለገለ መኪና ግን አይገባበትም። ሠራተኛው የሚገዛው ደግሞ ያገለገለውን ነው። ስቴቶች ገንዘብ ካላቸው እዚህ ክፍተት ላይ ያውሉት፦ ላገለገለ መኪና፣ በገቢ ተወስኖ፣ እዚያው ከዋጋው ላይ ተቀንሶ።

የአሌክሳንድሪያው
እንደሱ ከሆነ ያገለገለው ላይ አልከራከርም። ለአዲስ መኪና ግን አሁንም አልስማማም። ደግሞ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። መኪናውን 4,000 ቀንሳችሁ ብትሰጡኝ የት ቻርጅ ላድርገው? የእኔ አፓርትመንት ትልቅ ነው፤ የፓርኪንግ ቦታው ብዙ ነው፤ አንድ ሶኬት የለም። ጋራዥ ያለው ሰው ማታ ሰክቶ ይተኛል። እኔ የሕዝብ ቻርጀር ላይ ከቤት ዋጋ ሁለት ሦስት እጥፍ ከፍዬ፣ ከሌሊት ሥራ በኋላ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስቴቱ አንድ ዶላር ካለው መጀመሪያ እዚያ ያውለው። የቻርጀር ድጎማ ሁሉ የቤት ባለቤት ነው የሚያገኘው።

ታክስ ሠሪው
እዚህ ላይ አንድ መረጃ ልስጥህ። የፌዴራሉ የቻርጀር ክሬዲት ከመኪናው ክሬዲት ጋር አብሮ አላበቃም። ለግለሰብ ወጪው 30 በመቶ፣ እስከ 1,000 ዶላር ነው። ለሕንፃ ባለቤትም ለብቻው አለ፤ በአንድ ቻርጀር እስከ 100,000 ዶላር ይደርሳል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በል። ሰፈሩ በሕጉ የተቀመጠው ዝቅተኛ ገቢ ያለበት ወይም ከከተማ ውጭ የሆነ መሆን አለበት። ቻርጀሩም እስከ ጁን 30፣ 2026 ተተክሎ ሥራ መጀመር አለበት። ብዙ የሕንፃ አስተዳዳሪ ይህን አያውቅም። ተከራዮችን ሰብስብና ደብዳቤ ጻፉ። የሕንፃውን አድራሻ በውስጥ ላክልኝ፤ ሰፈሩ ብቁ መሆኑን አይቼ ሒሳቡን ሠርቼ እሰጥሃለሁ።

የአሌክሳንድሪያው
ልኬልሃለሁ። የመጀመሪያ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሁለት የእኛ ልጆች ሊፈርሙ ተስማምተዋል።