ያገለገለ አኳሪየም ገዝቼ ያፈስሳል፤ የወለሉ መስታወትም ተሰንጥቋል፤ ተጠግኖ ይታመናል?

ጀማሪው፦

ለሁላችሁም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር፣ የመስታወቱ ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ያገለገለ አኳሪየም (ዓሣ የሚቀመጥበት የመስታወት ገንዳ) ገዝቻለሁ። ሻጩ አንድም ቀን አፍስሶ እንደማያውቅ በእርግጠኝነት ነግሮኝ ነበር፤ ለሦስት ዓመት ያህል ውሃ ሳይነካው ደርቆ መቀመጡን የሰማሁት ግን ሒሳቡን ከጨረስን በኋላ ነው። ቤት አድርሼ ሲሶውን ያህል ውሃ ስሞላው ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ በስተኋላ ካለው የቀኝ ማዕዘን ሥር መንጠባጠብ ጀመረ።

ችግሩን ያገኘሁት መስሎኝ ውሃውን ከገለበጥሁ በኋላ ማዕዘኑን ከውጭ በኩል በሲሊኮን ለቀለቅሁት። በማግሥቱ እንደገና ስሞላው ከዚያው ቦታ ማንጠባጠቡን ቀጠለ፤ የቀባሁት ሲሊኮንም በጣቴ ስነካው ተልጦ ተነሣ። ረጋ ብዬ መመርመር የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። የወለሉ መስታወት ከኋላው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሐል የሚዘልቅ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ስንጥቅ አለው፤ ስንጥቁ ከሚያንጠባጥበው ማዕዘን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚርቅ ሲሆን፣ እጅግ ቀጭን ስለሆነ በጎን በኩል የባትሪ ብርሃን ካልበራበት በቀር አይታይም። የፊቱንና የኋላውን መስታወት ከላይ የሚያያይዘው አግዳሚ መስታወት በአንድ ጫፉ ለቅቋል። ከዚህ ሌላ የውሃው ከፍታ በነበረበት ልክ ነጭ ድርቅ ያለ ቆሻሻ ዙሪያውን ተጋግሯል፤ የፊቱ መስታወትም ጭረት አለው።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ተጠግኖ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ሳይነሳ ሊቀመጥ ይችላል ወይ የሚለውን ነው። የሚቻል ከሆነስ ከየትኛው ልጀምር?

ዓሣ ወዳጅ፦

ውድ ጠያቂ፣ በቅድሚያ ከውጭ የቀቡት ሲሊኮን ለምን እንዳልያዘ ልግለጽልዎ። ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ከውጭ የተቀባ ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ ተገፍቶ ይላቀቃል፤ ከውስጥ የተቀባውን ግን ያው ግፊት ከመስታወቱ ጋር ይበልጥ ያጣብቀዋል። በዚያ ላይ ትኩስ ሲሊኮን ከደረቀ አሮጌ ሲሊኮን ጋር አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይጣበቅም። ስለዚህ «የሚያፈስሰውን ቦታ ብቻ እነካካለሁ» የሚለው ሐሳብ፣ ብዙ ሰው የሚጀምርበት ቢሆንም፣ ሥራውን ሁለት ጊዜ ከማሠራት ያለፈ ጥቅም የለውም።

በአኳሪየም ውስጥ ያለው ሲሊኮን አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ የሚሠራ እንዳልሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በሁለቱ መስታወቶች ጫፍ መካከል የተጨመቀው ቀጭን ሲሊኮን ገንዳውን አያይዞ የሚያቆመው ነው፤ በውስጥ በኩል ማዕዘኑን ተከትሎ የሚታየው ወፈር ያለ ሲሊኮን ደግሞ የመጀመሪያውን ከውሃና ከመፋቂያ የሚጠብቅ ነው። የእርስዎ ገንዳ በመጋጠሚያው ላይ ክፍተት ወይም የአየር አረፋ የማይታይበት ከሆነ መፍታት አያስፈልግም፤ የውስጠኛውን ሲሊኮን ብቻ ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ አንሥቶ በአዲስ መተካት ይበቃል። በምላጭ ሲያነሡ ምላጩን ከመስታወቱ ጋር አስተኝተው ይግፉ እንጂ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ወዳለው ሲሊኮን አያስገቡት። ዓይን የማያየው ስስ ቅሪት ስለሚኖር፣ ከፋቁ በኋላ በአልኮል ወይም በአሴቶን በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ደጋግመው ይጥረጉ፤ አሴቶን ፕላስቲክ ስለሚያቀልጥ ክፈፍ ካለው ክፈፉን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ይህ የመፋቅና የመጥረግ ሥራ አሰልቺ ነው፤ የጥገናው ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው ግን እዚህ ላይ ነው።

የሚገዙት ሲሊኮን ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት፣ ሲደርቅ የአቼቶ ሽታ የሚሰጠው ዓይነት ይሁን። ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ሻጋታ የሚከላከል ኬሚካል ስለሚጨመርበት ለዓሣ አይሆንም። ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ትተው ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፤ ሲሊኮኑን ሳያቋርጡ አውጥተው በጣት አንድ ጊዜ ብቻ ይሳቡት። ላዩ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ስለሚያወጣ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት መጋጠሚያ ብቻ ይሥሩ፤ ፕላስተሩንም ሲሊኮኑ ገና እርጥብ ሳለ ያንሡት።

ሲሊኮን የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ እርጥበት እየወሰደ፣ ከላይ ወደ ውስጥ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጠልቅ፣ ላዩ ስለደረቀ ደርቋል ማለት አይደለም። እኔ ለእንደዚህ ያለ መጠን ሙሉ ሳምንት ሳልጠብቅ ውሃ አላስገባም። ስለ ወለሉ ስንጥቅ ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢናገር እመርጣለሁ።

መስታወት ቆራጭ፦

ሥራዬ መስታወት መቁረጥ ስለሆነ ስለ ስንጥቁ እኔ ልናገር።

ጠያቂው የሚያንጠባጥበው ቦታና የሚያፈስሰው ቦታ አንድ ነው ብለው የገመቱ ይመስለኛል። ውሃ በወለሉና በማስቀመጫው መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት እየተሳበ ሄዶ ዝቅ ባለው ማዕዘን ብቅ ማለት ልማዱ ነው። ሲሊኮኑን ከመፋቅዎ በፊት ገንዳውን በባዶው ከማስቀመጫው አንሥተው፣ ወለሉ ከሥር እንዲታይ በሁለት እኩል ወፍራም ጣውላዎች ላይ ያሳርፉት፤ ጣውላዎቹ ከስንጥቁ ፈቀቅ ይበሉ። ከዚያ ወለሉን ከሥር፣ መጋጠሚያዎቹንም ከውጭ በኩል በደረቅ ጠመኔ ይቀቡና 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ውሃ ያስገቡ። ጠመኔው መጀመሪያ የጠቆረበት ቦታ ምንጩ ነው። ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ግን አይሙሉ፤ የተሰነጠቀ ወለል በጣውላ ላይ ሆኖ ሙሉ ውሃ አይሸከምም።

ገንዳው ሲሞላ 200 ሊትር፣ ማለትም 200 ኪሎ ግራም ውሃ ይይዛል፤ መስታወቱ ራሱ 36 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በ50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ወለል 50 ግራም ውሃ ይሸከማል፤ ይህ ብዙ አይደለም፤ ወለሉ ከሥሩ በሙሉ በደልዳላ ነገር ላይ ካረፈ የሚያጎብጠው የለም። የፊቱ መስታወት ግን ከኋላው የሚደግፈው ነገር ሳይኖር በጠቅላላው ወደ 125 ኪሎ ግራም የሚመጣጠን ግፊት ይችላል። ስንጥቁ በፊቱ ወይም በጎኑ መስታወት ላይ ቢሆን ኖሮ «መስታወቱን ይቀይሩ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣኝም ነበር። ወለል ላይ በመሆኑ ግን በልጣፊ መስታወት፣ ማለትም ከውስጥ በስንጥቁ ላይ በሚለጠፍ ቁራጭ መስታወት፣ ሊጠገን ይችላል። ይህን የምለው ወለሉ በፕላስቲክ ክፈፍ ተንጠልጥሎ ከሥሩ ባዶ ካልሆነ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ሐሳቤን እለውጣለሁ።

ልጣፊው ውፍረቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ጠርዙ የተሞረደ፣ ስንጥቁን በየአቅጣጫው ቢያንስ በ8 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ይሁን፤ በስተኋላ በኩል እስከ ኋላው መስታወት ተጠግቶ፣ መስታወት ከመስታወት እንዳይነካካ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተውለት። ሲሊኮኑን እንደ ቅቤ በሙሉ አይለቅልቁት፤ በሁለት ሰፊ መስታወቶች መካከል አየር ስለማያገኝ መሐሉ ለሳምንታት ሳይጠነክር ይቀራል። በስንጥቁ ግራና ቀኝ አንድ አንድ መስመር፣ በልጣፊው ዙሪያ አንድ ያልተቆራረጠ መስመር አውጥተው መስታወቱን ከአንድ ወገን ቀስ ብለው ያስተኙትና እኩል ይጫኑት።

አንዳንዶች ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉ ላይ ቀዳዳ መብሳትን ይመክራሉ። ያለ ልምድ የሚበሳ ሰው ስንጥቁን ከማቆም ይልቅ ያስረዝመዋልና አልመክርም። ደግሞም ወለሉ ተሰንጥቆ በአንድ መስመር መቅረቱ ተራ መስታወት መሆኑን ያሳያል፤ ቴምፐርድ (በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ መስታወት) ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ እንደ በቆሎ ፍሬ ተበትኖ ነበር።

የለቀቀው አግዳሚ ቀላል ቢመስልም አይናቁት። ሥራው የረጃጅሞቹ መስታወቶች መሐል ወደ ውጭ እንዳይጎብጥ መያዝ ነው፤ መልሰው የሚያጣብቁት ገንዳው ባዶ ሳለ ብቻ ነው።

የወንዝ ዳር፦

እኔ ብሆን ለዓሣ አላውለውም ነበር። ውሃ የማይሞላበት አገልግሎትም አለ፤ አፈርና ትንንሽ ተክሎች ቢደረጉበት ስንጥቁ ማንንም አይጎዳም። ሁሉም አሮጌ ገንዳ ወደ ቀድሞ ሥራው መመለስ አለበት የሚል ሕግ የለም።

ዓሣ ወዳጅ፦

ስለ ጽዳቱ ጥቂት ልጨምር። ነጩ ቆሻሻ ውሃው ሲተን የቀረ የካልሲየም ቅሪት ስለሆነ በአቼቶ ይሟሟል፤ ወፍራም ወረቀት በአቼቶ ነክረው በመስመሩ ላይ ለጥፈው ጥቂት ሰዓታት ይተዉት፤ ከዚያ በምላጭ ይፋቁት። ሳሙና ፈጽሞ አይጠቀሙ። የቀድሞው ባለቤት ምን ዓይነት በሽታ እንደገጠመው ስለማይታወቅ በውሃ በቀጠነ በረኪና ማጠብም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በረኪናና አቼቶ ከተገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሁለቱን በተለያየ ቀን ይሥሩ፤ በመካከሉም በብዙ ውሃ ያለቅልቁ። ሁለቱም ሥራዎች አዲሱ ሲሊኮን ከመቀባቱ በፊት ያልቁ።

ጭረቱን ለማጥፋት አይድከሙ። መስታወትን መወልወል ይቻላል፤ የተወለወለው ቦታ ግን ይጎደጉድና ምስሉን ያዛባል፤ ጭረቱ ራሱ ከዚያ ይሻል ነበር ያሰኛል። በውስጥ በኩል ከሆነ ደግሞ ውሃ ሲሞላ ከፊሉ ከዓይን ይጠፋል፤ ብርሃንን የማጠፍ ጠባዩ ከአየር ይልቅ ውሃ ለመስታወት ስለሚቀርብ ነው።

ጀማሪው፦

ከአንድ ወር በኋላ የሆነውን ላሳውቃችሁ ተመልሻለሁ።

የጠመኔው ፈተና ግምቴን አፈረሰው። ያን ያህል የለቀለቅሁት ማዕዘን ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቆየ፤ በመጀመሪያ የጠቆረው ከስንጥቁ ሥር ነበር። ማስቀመጫውን በውሃ ልክ ስለካው ወደ ቀኙ ማዕዘን 4 ሚሊ ሜትር ዘንበል ብሎ አገኘሁት፤ ለካ ውሃው ከስንጥቁ ወጥቶ ወደዚያ ይወርድ ነበር። ሆኖም አሮጌውን ሲሊኮን ስፍቅ በግራው ጎን አንድ ጣት የሚያህል ቦታ ከመስታወቱ ለቅቆ ስላገኘሁት ዙሪያውን መቀየሬ አልቆጨኝም።

ወለሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ክፈፍ የለውም። ልጣፊውን መስታወት ቆራጭ በነገሩኝ መሠረት አስተኛሁት። በአንድ መጋጠሚያ ላይ ፕላስተሩን ለማንሣት ዘግይቼ የሲሊኮኑ ጠርዝ አብሮ ተላጠ፤ ትኩስ በደረቀ ላይ አይያዝም የተባለውን አስታውሼ ያን መጋጠሚያ በማግሥቱ ሙሉ በሙሉ ፍቄ ደገምሁት። ማስቀመጫውን በስስ ቆርቆሮ አስተካክዬ በገንዳው ሥር አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም አነጠፍሁ። ልጣፊው ስላሳሰበኝ የጠበቅሁት አንድ ሳምንት ሳይሆን ሁለት ሳምንት ነው፤ የአቼቶው ሽታ የጠፋውም በዘጠነኛው ቀን ነበር።

ከዚያ ሩቡን፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ በመጨረሻም ሙሉውን እየሞላሁ በየደረጃው 24 ሰዓት ጠበቅሁ፤ ከሥሩ ያነጠፍሁት ወረቀት ደረቅ ነው። በፊቱ መስታወት ላይ ክር ወጥሬ ስለካ ሙሉ ሆኖ የጎበጠው ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የወንዝ ዳር ያቀረቡትን ሐሳብ አልናቅሁትም፤ ወረቀቱ ረጥቦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አፈር እየሞላሁበት ነበር። አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ዓሣ ለማስገባት ምን ያህል ልጠብቅ?

ዓሣ ወዳጅ፦

ይህን የፈተና ውሃ ይድፉት፤ አዲስ ሞልተው ፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) ያስጀምሩ። ከዓሣ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እንዲራቡ ያለ ዓሣ ትንሽ የአሞኒያ ምንጭ ያስፈልጋቸዋል፤ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ መጣል ይበቃል። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በመለኪያ ሲያዩት አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ከሆነ፣ ናይትሬት ብቻ ከታየ፣ ጥቂት ዓሣ ያስገቡ። እስከዚያው ከሥሩ ያለውን ወረቀት አያንሡት።