ባልጩቶቹ ለትምህርት ቤቱ ይሰጡ ወይስ እዚያው ይቅሩ?

የኤክስሬይ ባለሙያዋ (ብሎክ 9)፦ ቅዳሜ በወላጆች ስብሰባ የተነሳው ጉዳይ ሳይቋጭ ስለቀረ እዚህ ላንሳው። ላልነበራችሁ፦ ከመልካ ቁንጡሬ አካባቢ ተፈቅዶ የተወሰዱ ስድስት የባልጩት ቁራጮች (ቅርስ አይደሉም፣ ከተፈጥሮ አለቱ የተቆረጡ ናቸው) አውሮፓ በሚገኝ፣ ኒውትሮን በተባሉ የአቶም ቅንጣቶች ዕቃ በሚመረመርበት ማዕከል ተመርምረዋል። ጎረቤታችን ተመራማሪው ሲመለሱ ለልጆቻችን የሳይንስ ክፍል ሊሰጧቸው አስበዋል። ኒውትሮን ያረፈበት ድንጋይ ግን በጥቂቱም ቢሆን ጨረራ አመንጪ ይሆናል። ይምጡ ወይ?

የሁለት ልጆች እናት (ብሎክ 4)፦ አይምጡ። የእኔ ልጅ ድንጋይ አይቶ ኪሱ ሳይከት አያልፍም። «ትንሽ ነው» የሚሉት እነሱ ከሆኑ እዚያው ያስቀምጡታ!

ተማሪው (ብሎክ 7)፦ ቃሊቲ የቆላ ዝንብ የሚመክንበት ማዕከል አለ አይደል? በጨረራ የተመታው ወንድ ዝንብ ተለቅቆ ይበራል። ያን ጊዜ ማንም አልጮኸም።

የኤክስሬይ ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ሌላ ነው። ዝንቡን የሚያመክነው ጋማ የሚባለው ጨረራ ነው። እኔ ከምሠራበት ኤክስሬይ ጋር ይመሳሰላል፤ ያልፋል እንጂ ዝንቡን ጨረራ አመንጪ አያደርገውም። ኒውትሮን ግን አቶሙ እምብርት ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የእናትየው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ተመራማሪው (ብሎክ 12)፦ እህቴ፣ ሥጋትሽን አልንቅም። ባልጩት ውስጥ ሶዲየም አለ፤ ኒውትሮን ሲውጥ ሶዲየም 24 ይሆናል። ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ እስኪጠፋ የሚፈጀው ጊዜ) 15 ሰዓት ስለሆነ ከሳምንት በኋላ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይቀርም። ብረት 59 የ45 ቀን ያህል፣ ስካንዲየም 46 የ84 ቀን ግማሽ ዕድሜ አላቸው፤ እነሱንም መጠበቅ ይቻላል። እኔንም የሚያሳስበኝ ኮባልት 60 ነው። ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ነው፤ ከሺህ አንድ እጅ እስኪቀር ቢጠበቅ 53 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ይለካል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ያለ ቁጥጥር ይለቀቅ የሚልበት የኮባልት 60 ገደብ በግራም 0.1 ቤኬሬል ነው (አንድ ቤኬሬል ማለት በሰከንድ አንድ አቶም ጨረራ ሲያወጣ ነው)። የእኛ ድንጋዮች እያንዳንዳቸው 20 ግራም አይሞሉም፤ ልክ ገደቡ ላይ ቢሆኑ እንኳ የአንዱ ድምር 2 ቤኬሬል ነው። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ፖታሲየም 40 ብቻውን 4,000 ቤኬሬል ገደማ ነው።

ጋሼ (የብረታ ብረት ጡረተኛ፣ ብሎክ 2)፦ ልጄ፣ ቁጥሩን አምናለሁ። የማላምነው የዕቃን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሜክሲኮ፣ ሁዋሬዝ ውስጥ ኮባልት 60 የያዘ የሕክምና መሣሪያ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። ቀለጠ፣ ፌሮ ሆነ፣ ቤት ተሠራበት። የታወቀው በጥር 1984 ፌሮ የጫነ መኪና አሜሪካ ሎስ አላሞስ የኑክሌር ቤተ ሙከራ ደጃፍ ላይ መለኪያውን ስላስጮኸ ነው። የእኛ ሠፈር ዙሪያውን ግንባታ ነው፤ ቆራሌው ጠዋት ማታ ያልፋል። ስንት የፋብሪካ ዕቃ ስሙ ጠፍቶ ሲሸጥ አይቻለሁ።

ተመራማሪው፦ ጋሼ፣ የዚያ መሣሪያ ኮባልት በትሪሊዮን በሚቆጠር ቤኬሬል ነበር። ከሁለት ቤኬሬል ጋር አይወዳደርም።

ጋሼ፦ አላወዳደርኩም። እርስዎ ነገ ቤት ቢቀይሩ ድንጋዩ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ማን ይቀራል ነው የምልዎት።

የኤክስሬይ ባለሙያዋ፦ ጋሼ ልቤን ነኩት። ቀድሞ እሠራበት በነበረ ሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ምልክት የሌለው፣ ጨረራ የሚከልል የእርሳስ ብረት ሣጥን ተገኘ። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። መለኪያ ተፈልጎ እስኪገኝ ሁለት ቀን ሙሉ ክፍሉ ተዘግቶ፣ ነፍሰ ጡር ባልደረባችን እያለቀሰች ቆየን። ባዶ ነበር። አንዲት ወረቀት ብትለጠፍበት ኖሮ ያ ሁሉ ባልሆነ።

ስለዚህ አቋሜን ልናገር። ይምጡ። ግን ለእያንዳንዱ ድንጋይ የትኛው አይሶቶፕ (እንደ ኮባልት 60 ያለ የአቶም ዓይነት)፣ በግራም ስንት ቤኬሬል፣ መቼ እንደተለካ በአማርኛ ተጽፎ አብሮት ይምጣ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አውቆት፣ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት እዚህም ይለካ። ገደቡን ያለፈ እዚያው ይቅር። በስብሰባው «ቁልፍ ባለው ቁምሳጥን ይቀመጥ» የተባለውን ግን እቃወማለሁ። በጨረራው ምክንያት መቆለፍ ካለበት ገና አልተለቀቀም ማለት ነው፤ የተለቀቀ ከሆነ ልጆቹ በእጃቸው ይያዙት። «ትንሽ አደገኛ» ብለን ልጆች ክፍል የምናስቀምጠው ነገር ሊኖር አይገባም።

እናት፦ በእጃቸው ካላችሁማ ባልጩት እንደ ምላጭ ነው የሚቆርጠው!

ተመራማሪው፦ ይሄስ እውነት ነው። ስለቱን አስሞርደዋለሁ።

ጋሼ፦ ሲሞረድ ዱቄቱ ይበናል፤ ሳምባ ውስጥ ይገባል። ከተለካ በኋላ፣ ውሃ እየፈሰሰበት ይሁን።

ተመራማሪው፦ እሺ ጋሼ። የማዕከሉ የመጀመሪያ ውጤት ዛሬ ደርሶኛል፤ አምስቱ ከገደቡ በታች ናቸው። ቁጥር 4 በኮባልት ትንሽ አልፏል፤ እዚያው ይቀራል። ወረቀቱን ተርጉሜ ማታ እዚህ እለጥፋለሁ።

እናት፦ እዚህ የሚለካበትን ቀን ንገሩኝ። አጠገቡ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ።