ዛፍ የበዛበትን የደሴ ሰፈር ምን እንበለው?

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ደሴ ሰፈሮች በሚዘጋጅ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለው፣ በየግቢው ዛፍ የሞላበት አካባቢ «ቅጠላማ ሰፈር» ተብሏል። ለጆሮ አልጥም አለ። «ዛፋማ»፣ «ደናማ» እና «ለምለም» የሚሉ አማራጮች አሉ። የትኛው ይሻላል?

— እኅቴ፣ «ቅጠላማ»ን ለጎመን፣ ለሰላጣና ለቆስጣ ተዪው። «ደናማ» ሰፊ ምድርን እንጂ አጥርና በር ያለውን መኖሪያ አያሳይም። «ለምለም» የርጥበት ቃል ነው፤ ከዝናብ ጋር መጥቶ ከዝናብ ጋር ይሄዳል፤ ጥድና ባሕር ዛፍ ግን በበጋም አረንጓዴ ናቸው። «ዛፋማ» እንደ «ድንጋያማ» እና «ረግረጋማ» የተሠራ ስለሆነ ስሕተት አይባልም፤ ሆኖም የመሬት ዓይነት የሚነግር የመማሪያ መጽሐፍ ቃል ነው። ሰው ሲያወራ የሚለው «ዛፍ የበዛበት ሰፈር» ነው። ቢረዝምም እሱን ያዢ።

— ጋሼ፣ «መናፈሻ»ስ አይሆንም?

— ከ«ተናፈሰ» የወጣ የቦታ ስም ነው፤ ሰው ወጥቶ ነፋስ የሚቀበልበት። ለሌላ ከተማ ያምር ነበር። ደሴ ላይ ግን መናፈሻ የታወቀ ሰፈር መጠሪያ ስለሆነ አንባቢው ስለዚያ የምትጽፊ ይመስለዋል።

— ስለ «ሰፈር» ራሱም አንድ አንቀጽ ይግባ። ቃሉ ጦር ጉዞውን አቁሞ ድንኳን ሲተክል ከሚባለው «ሰፈረ» ነው፤ ደሴም አጀማመሯ እንዲሁ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ሰፍረውባት ስሙን እንዳወጡላት ይነገራል፤ ንጉሥ ሚካኤልም መቀመጫቸው አደረጓት። ነባሮቹ ስሞች ከዛፍ ይልቅ ኑሮንና መንገድን ይናገራሉ፦ ሰኞ ገበያ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሸዋ በር። እዚህ ላይ «በር» መዝጊያ አይደለም፤ ደሴ አጠገብ እንዳለችው ከተማ እንደ ኩታበር ሁሉ መተላለፊያ ነው። የንጉሥ ሚካኤል የግብዣ አዳራሽ «አይጠየፍ» መባሉም እንግዳውን ሁሉ ይቀበላል ለማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ለከተማዋ ዛሬ መልክ የሰጣት ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የዮሐንስን ሰፈር በባሕር ዛፍ ያለበሰ ጽሑፍ ታሪክ ያፋልሳል። ለዚያ ዘመን ወይራንና ጥድን መጥራት ይቻላል።

— ጥድ ሲባልም የትኛው ጥድ? የሐበሻ ጥድ ፍሬው ትንሽ፣ ድቡልቡልና ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ነው። በየአጥሩ ተከርክሞ የሚታየው የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ደግሞ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጠንካራ እንጨት ነው። ሁለቱን «ጥድ» ብሎ ማለፍ አገር በቀሉን ከመጤው ይደባልቃል። ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው። 2,500 ሜትር አካባቢ ባለችው ደሴ የሚስማማው ነጩ ነው፤ የለጋው ዛፍ ቅጠል ሰፊ፣ አመድማ ሰማያዊና አንገት አልባ (ከቅርንጫፉ የተጣበቀ) ነው፤ ዛፉ ሲያረጅ ግን ቅጠሉ እንደ ማጭድ ይቆለመማል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሙቀቱን የሚችለው ቀዩ ነው።

— ኮምቦልቻን ካነሳችሁ፣ በኦሮምኛ «ኮምቦልቻ» በአማርኛ አጣጥ የምንለው እሾኻማ ዛፍ ስም ነው። ዛፍን በስሟ የተሸከመችው እሷ ናት።

— ጽሑፉ ውስጥ «የሰፈሩ አድባር የሆኑ ሽማግሌ» የሚልም አለ። አድባር ዛፍ ነው ወይስ ሰው?

— ሁለቱም። በግእዝ «አድባር» የ«ደብር» ብዙ ቁጥር ነው፤ ተራሮች ማለት። በአማርኛ የቦታ ጠባቂ መንፈስ፣ ከዚያም ሰው የሚሰበሰብበት ትልቅ ዛፍ ሆነ፤ በመጨረሻ ምክሩ የሚፈለግ ትልቅ ሰው። «ዋርካ በሌለበት እንቧጮ አድባር ይሆናል» የሚለው ተረት ዛፉንም ሰውየውንም አንድ ላይ ይዟል፤ እንቧጮ ቁጥቋጦ ነው፣ ጥላ አይሰጥም። ስለዚህ አገላለጹ ለሽማግሌው ክብር ነው፤ ተረቱን ግን አጠገባቸው አትጥቀሱ፣ ስድብ ይሆናል።

— እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ከጦሳ ሥር ያለው ይህ ዛፍ የበዛበት ሰፈር ነጭ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ያጠሩት ነው፤ በአንዳንድ ግቢ ወይራ ይታያል።»

— «ያጠሩት» ሰው ያጠረው ያስመስላል። «አጥሩ ነጭ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ነው» በዪው።