የቆየ ትልቅ ጄት ልንገዛ ነው፤ ምኑን እንጠይቅ?

ጠያቂ፦ አለቃዬ እ.ኤ.አ. በ1989 የተሠራ ገልፍስትሪም 4 አይቶ ልቡ ተሰርቋል። ሻጩ «ብዙ አልበረረም፤ ሃንጋር ውስጥ ነው የኖረው» ይላል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ወንበሮቹ አዲስ ቆዳ ለብሰዋል። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ «ወረቀቱን እይልኝ» ተብዬ ነው። ከደህንነት አንጻር ምኑን ልይ?

የድሮ መካኒክ፦ ወንድሜ፣ እኔን የሚያስደነግጠኝ ያ «ብዙ አልበረረም» የሚሉት ነገር ነው። የቆመ አውሮፕላን ጎሚኒው ይደርቃል፣ ታንኩ ውኃ ያቁራል፣ ዝገቱም ሥራውን አያቋርጥም። ብዙው ፍተሻ በወር ስለሚቆጠር አልበረረም ተብሎ አይታለፍም።

አንዴ እንዲህ ያማረ ጄት ከግዢ በፊት እንድመረምር ተጠርቼ ነበር። ሻጩ «ማብሰያ ክፍሉን አትንኩብኝ» አለ። እኛ ግን አስነቀልነው። ወለሉ ሲነሳ፣ ለዓመታት ውኃ ሲንጠባጠብበት የኖረው አልሙኒየም ነጭ ዱቄት ለብሷል፤ በካቻቢቴ ጫር ባደርገው ተፈረፈረ። ከላይ ያለው ምንጣፍ ግን አዲስ ነበር! የመጸዳጃውንም ሥር አስነሳ።

ሞተሮቹን ከሻጩ ጋር ንክኪ የሌለው ባለሙያ በቦሮስኮፕ (ሞተር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ይያቸው። ሎግ ቡኩ (የበረራውና የጥገናው መዝገብ) አውሮፕላኑ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ሳይቋረጥ ይቅረብልህ። የሞተር ዲስክ (ሞተሩ ውስጥ ምላጮቹን ይዞ የሚሽከረከረው ክፍል) ዕድሜው የተወሰነ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሠራ ወረቀት ከሌለው እንዳለቀ ቁጠረው።

ካፒቴን፦ ብረቱን ጋሼ ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ አብራሪዎቹ ልጨምር። ሜይ 31 ቀን 2014 ማሳቹሴትስ፣ ቤድፎርድ ላይ አንድ ገልፍስትሪም 4 ሲንደረደር አፍንጫው አልነሳ አለ፤ ማኮብኮቢያውን አልፎ ተቃጠለ፣ 7ቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ሞቱ። ሲቆም ነፋስ እንዳያንገላታው መሪዎቹን የሚይዘው ገስት ሎክ አልተፈታም ነበር። መሪውን እስከ ጥግ አንቀሳቅሶ ማየት የሰከንዶች ሥራ ነው። መርማሪዎች የአውሮፕላኑን የበረራ መረጃ መቅጃ ሲያዩት፣ ከዚያ በፊት በነበሩ 175 መነሻዎች ሙሉ ፍተሻ የተደረገው 2 ጊዜ ብቻ ነበር። ገስት ሎኩ ሳይፈታ ቶሮትሉ (የሞተሩን ኃይል የሚጨምረው እጀታ) ብዙ እንዳይገፋ ሊከለክል የተሠራው ማገጃም ከሚገባው በላይ ይለቀው ነበር። ስለዚህ በሎግ ቡኩ ስለ ገስት ሎክ የተጻፈውን ፈልግ፤ ማን እንደሚያበረውም ከመግዛታችሁ በፊት ወስኑ።

ጠያቂ፦ ወለሉ ይነሳ ብዬ ነገ እጽፋለሁ። እምቢ ቢልስ?

የድሮ መካኒክ፦ ማስነቀያውንም ማስገጠሚያውንም እኛ እንከፍላለን በሉት። ያኔም እምቢ ካለ ሌላ ጄት ፈልጉ።