ለቅሶ ቤት አብሮ መቀመጥ የቀረበትን እድር እንዴት እንመልሰው?

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የ92 አባወራ የሰፈር እድር ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሙሉ ነው፤ ወርሃዊ መዋጮውም አይጓደልም። የጎደለው ሰው ነው። የትግራይ ጦርነት ጥቅምት 2013 ከተጀመረ ወዲህ አባላቱ ጎራ ለይተዋል፤ በ2015 ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመም በኋላ አልተመለሱም። ሰው ሲሞት ገንዘቡ ይከፈላል፣ ድንኳን ይተከላል፤ ሦስቱን ቀን የሚቀመጠው ግን የሟች «ወገን» ብቻ ነው።

መጀመሪያ በቴሌግራም ግሩፑ ፖለቲካ ከለከልን። ሁለት የጎን ግሩፖች ተከፈቱና ክርክሩ እዚያ ባሰ። ቀጥሎ ለቅሶ በሚቀር ላይ ቅጣት ጣልን፤ ከፍሎ መቅረት ተለመደ። ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተን ሁሉም የሆዱን እንዲናገር አደረግን። ትልቁ ስህተት ይህ ነበር፦ 60 ሰው ፊት የቆመ ለወገኑ ይሟገታል እንጂ ሐዘኑን አያወጣም፤ ዘመዱን ያጣውማ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የሠራው አንድ ነገር ነው። ድንኳን ተካዮችንና ወጥ ሠሪዎችን ከሁለቱም ወገን እያሰባጠርን ስድስት ስድስት ሆነው ስንመድባቸው፣ እጃቸው ሥራ ላይ እያለ ያወራሉ፣ ስለ ልጆቻቸው ይጠያየቃሉ። ሥራው ሲያልቅ ግን ተነሥተው ይሄዳሉ።

ሽማግሌዎች አሁን እርቅ እንጀምር ይላሉ። እርቅ በዳይና ተበዳይ ይለያል፤ እዚህ ግን የተጎዳዱት በቃልና በመቅረት ነው፣ ሁሉም ተበዳይ ነኝ ባይ ነው። እንዲህ ያለ እድር የመራችሁ ሰዎች፣ እነዚህን የሥራ ቡድኖች በየቤቱ ቡና እያጣጣን አስቀድመን እናነጋግር ወይስ በቀጥታ ወደ ሽምግልናው እንግባ?